ባነሩ ላይ ያለው ፈጣሪ

እንጅባራ ውስጥ «ባነር» የምንለው ሦስት ሜትር በአንድ ሜትር ነው። በሁለት እንጨት መሀል ይወጠራል፤ ተመራቂ ወይም ሙሽራ ይወጣበታል። ቆሰበር ገበያ አጠገብ ባለችው ማስታወቂያ ቤቴ ስሠራ የኖርኩት እሱን ነው። ስለዚህ ጓደኛዬ ደሴ «ለሊንክድኢን ገጼ ባነር ሥራልኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት የት እንደሚሰቀል ነበር።

«ስልክ ላይ» አለኝ። «ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ የሚተያዩበት ገጽ ነው። ፎቶህ ከታች፣ ባነሩ ከላይ።»

ደሴ በደን ሳይንስ ከተመረቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አዲስ ቅዳም አጠገብ በአባቱ መሬት ላይ ለከሰል የሚሆነውን የዲከረንስ ዛፍ ችግኝ ያፈላል። አንድ የደን ፕሮጀክት አስተባባሪ ለመቅጠር ፈልጎ፣ አመልካቾች የገጻቸውን አድራሻ እንዲልኩ ጠይቋል። ይህ ካመለጠው አባቱ መሬቱን ለድንች እንደሚፈልጉት ነግረውታል።

«ችግኞቹን ፎቶ እናንሳ» አልኩት።

«ችግኝ ያየ ሰው ገበሬ ነው ይለኛል።»

«ገበሬ አይደለህም እንዴ?»

«ሊንክድኢን ላይ አይደለሁም።»

እሱ የፈለገው ከኢንተርኔት የወረደ የመስታወት ፎቅ፣ የሚጨባበጡ ሁለት እጆችና ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት ነበር። እጆቹ የማን እንደሆኑ ስጠይቀው «የአጋሮቼ» አለ። በስተግራ ደግሞ በትልልቅ ወርቃማ ፊደል «ሥራ ፈጣሪ» ይጻፍልኝ አለ። እውነቱን ለመናገር ይህ ውሸት አልነበረም፤ ችግኙን የሚንከባከቡ አራት ሴቶች ቀጥሯል። ጻፍኩለት። እጄ ስለለመደም ዳር ዳሩን አበባ አደረግኩበት።

ያላወቅነው፣ ክቡ የፊት ፎቶ ባነሩ ግራ ጥግ ላይ እንደሚያርፍ ነው። ገጹ ላይ ሲጫን «ሥራ» የምትለው ቃል ከደሴ ራስ ኋላ ገባች። የቀረው የደሴ ፈገግታ፣ ከጎኑም በወርቅ ቀለም «ፈጣሪ» ነው። ሳናየው አድራሻውን ላከ።

በማግስቱ ደሴ ሱቄ ቁጭ ብሎ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«ከፕሮጀክቱ ነው፤ ቤዛዊት እባላለሁ» አለች ሴትየዋ። «ገጽዎን አየነው። ፈጣሪ መሆንዎን አላወቅንም ነበር።»

ገጹን ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ አሳየሁት። ደሴ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«አንድ ቃል ተሸፍኖ ነው» አላት።

«ገብቶኛል። ያንን ፎቅ ግን ግማሾቹ አመልካቾች ለጥፈውታል። ምን ፈጥረው ነው ለመሆኑ?»

«ችግኝ… አፈላለሁ።»

«ታዲያ እሱን ያሳዩና።»

ወዲያው በሚኒባስ አዲስ ቅዳም ሄድን። ደሴ የምርቃት ሱፉን ለብሶ ችግኙ መሀል ቀጥ ብሎ ቆመ። ከጎኑ ከአራቱ ሠራተኞቹ አንዷ፣ እትዬ የሻረግ፣ ጎንበስ ብላ አረም ትነቅላለች። ችግሩ የመጣው ፎቶውን ስቆርጥ ነው። የሊንክድኢን ባነር ቀጭንና ረጅም ነው፤ የቆመ ሰው አይገባበትም፤ ያጎነበሰ ይገባል። ከደሴ የተረፈው ሱሪውና ጫማው ብቻ ነው። እትዬ የሻረግ ግን ከነችግኟ ሙሉ በሙሉ ወጣች።

«የኔ ገጽ ላይ እኔ የለሁማ» አለኝ።

«ጫማህ አለ።»

ሌላ ፎቶ እንዳናነሳ ጉም ወርዶ ስለነበር እያጉረመረመ ጫነው። ሰኞ ቤዛዊት ደውላ ለቃለ መጠይቅ ጠራችው፤ «ባነሩ ላይ ያሉትንም ሴት ይዘው ይምጡ» አለች።

ኋላ እንደነገረኝ ጥያቄው ሁሉ ወደ እትዬ የሻረግ ዞረ። ችግኝ ለምን ቢጫ ይሆናል፣ ውርጭ ሲመጣ በምን ይሸፈናል። እሷ አማርኛ ብትሰማም ስለ ችግኝ ስታወራ የሚቀናት አዊኛ ነው፤ ደሴ ሱፉን ለብሶ ሲተረጉም ዋለ። መጨረሻ ላይ ቤዛዊት «እሱስ ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀቻት። እትዬ የሻረግ በአዊኛ መለሰች። ደሴ በመተርጎም ፈንታ የሱፉን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረ።

«ምን አሉ?»

«ለችግኙ ውሃ አጓድሎብን አያውቅም… ትላለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላለችም።»

ቤዛዊት ጻፈችው። በሳምንቱ እትዬ የሻረግን አሠልጣኝ፣ ደሴን ረዳቷ አድርገው ቀጠሯቸው። አባቱ ድንቹን ሌላ ማሳ ላይ ተከሉ።