ካራቴ ያለ ድምፅ

«ኧረ አልሞተም! ራሱን ስቶ ነው!» ብሎ ውበቱ ሲጮህ፣ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ይቆረጥም የነበረው ሰው ሁሉ እጁ አፉ ላይ ቀረ።

ለቅሶ ቤት እንዲህ ተብሎ አይጮህም። የሟቿ ታላቅ እህት እትዬ ወለተ ኢየሱስ ከሴቶቹ መሀል አንገታቸውን አስግገው፣ «ማን ነው ያልሞተው?» አሉ።

«ነጭ ቅንድቡ ነዋ፣ እትዬ!»

«የማን ነጭ ቅንድብ?»

«የካራቴው ሽማግሌ! እትዬ የብርጓል ቪዲዮ ቤት ያየነው!»

ከወንዶቹ በኩል አንዳንዱ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከሩቅ ላያቸው የሚያለቅሱ ይመስላሉ። ውበቱ ዛሬ ሆዱ መሪው ላይ የሚያርፍ የባጃጅ ሹፌር ነው። ልጅ ሳለ ግን እንደ ካራቴው ጀግና ልብረር ብሎ ከዚሁ ቤት አጥር ላይ ዘሎ ነበር፤ ግራ ክርኑ ከዚያ ወዲህ ተዘርግቶ አያውቅም።

የሟቿ የእትዬ የብርጓል ልጅ አብይ ከመሀላቸው ተቀምጧል። የደረሰው ከቀብሩ ማግስት ነበር። ከቻይና፣ ከቼንግዱ፣ በአውሮፕላንና በመኪና ሲንከራተት አድሮ፣ ባለጎማ ሻንጣውን በኮብልስቶኑ ላይ እያንኳኳ ወደ ድንኳኑ ሲጠጋ ሴቶቹ አይተውት ለቅሶውን አቀለጡት። እሱ የሻንጣውን እጀታ እንደያዘ ቆመ። እንባ አልመጣም። ዛሬ ሰልስቱ ነው፤ ፍትሐቱ አልቋል፤ ድንኳኑ ሊፈርስ ነው። እንባው አሁንም የለም። ሹክሹክታው ግን ይደርሰዋል።

«አላለቀሰም እኮ።»

«ቻይና አድርቆት ነው።»

«ተይው እቴ፣ ድንጋጤ ነው። ይመጣለታል።»

የትኛው እንደሆነ እሱም አያውቅም። ማዘኑን ይጠራጠራል፤ ቆይቶ ደግሞ መጠራጠሩን ይጠራጠራል። አላስቀምጥ እያለው በየጊዜው እየተነሳ የድንኳኑን ገመድ ያጠብቃል፤ ያልላላውን ገመድ።

«አብይ፣ አንተ ፍረደን» አለ ውበቱ። «ቻይንኛ ተምረህ መጥተሃል። ነጭ ቅንድቡ ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

አብይ ቀና አለ። ይህንኑ ጥያቄ እናቱ በየስልኩ ስትጠይቀው ኖራለች።

ቪዲዮ ቤቱ ድንኳኑ የተጠጋው ይኸው የጭቃ ቤት ነበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል፤ ልጆቹ አግዳሚ ላይ ይታጨቃሉ፤ ፊት ለፊት ጀርባው ያበጠ ቴሌቪዥን፣ ከስሩ ካሴት የሚያጫውተው ዴክ፣ ከጎኑ ደግሞ በርጩማ ላይ የብርጓል። በእጇ አርጩሜ አለ። ማያውን ትጠቁምበታለች፤ ቆሞ የሚጋርድ ካለም አናቱን ትነካበታለች።

ፊልሞቹ ቻይና አገር ድሮ በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። ደብረ ማርቆስ እስኪደርሱ ግልባጩ እየተገለበጠ፣ የሰዎቹ ፊት እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኗል። ያ ሁሉ ዓለም አንድ ግቢ፣ አንድ የድንጋይ ደረጃና ጥቂት ሰው ነው። ሰው ስለሚያንሳቸው ተራ እየገቡ ይሞታሉ። መጀመሪያ ላይ የሞተው ሰውዬ፣ መሀል ላይ ፂም ተለጥፎለት ይመለሳል።

«ይሄ ሰውዬ ሞቷል እኮ!» ብለው ልጆቹ ሲንጫጩ፣ የብርጓል አርጩሜዋን ታነሳለች።

«እሱ አይደለም። ወንድሙ ነው። ደም ሊመልስ መጣ።»

ፀሐይ ላይ የተጀመረው ድብድብ በአንዴ ጨለማ ውስጥ ቢገኝ፣ «ሲደባደቡ መሸባቸው» ትላለች። የተናጋሪው ከንፈር ከተከደነ በኋላ ድምፁ ቢመጣ፣ «ጨዋ ስለሆነ ነው፤ አስቦ ነው የሚናገረው» ትላለች። መብራት ሲጠፋ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ እሷ ጨለማው ውስጥ ትቀጥላለች። እንዲያውም አንዳንዱ ልጅ መብራት እንዲጠፋ ይሳል ነበር።

ማንም አልጠረጠራትም። ቻይንኛው ከስሩ በዓረብኛ ተጽፎ ይወጣል፤ ዓረብኛውን ባለሱቁ ጎረቤት፣ ጋሽ አብዱልዋሂድ፣ ከኋላ ሆነው ጮክ ብለው ያነባሉ፤ እሷ ተቀብላ በአማርኛ ትናገራለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ከሁሉ የሚወደደው የነጭ ቅንድቡ ነበር። አባቱ የተገደለበት ውሃ ተሸካሚ ልጅ፣ በባልዲ ውሃ ሲያመላልስ ጉልበት አውጥቶ፣ ገዳዩን ባለ ነጭ ቅንድብ ሽማግሌ የድንጋዩ ደረጃ ላይ ይገጥመዋል። በአየር ላይ ተንሳፍፎ ደረቱን ይረግጠዋል። ሽማግሌው ይወድቃል። ያኔ ምስሉ ድርቅ ይላል፤ አለቀ። የብርጓል ግን አታልቅም። «አልሞተም። ራሱን ስቶ ነው» ብላ ትጀምራለች። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ውሃ ይረጩታል፤ ነጭ ቅንድቡ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ ይታረቃሉ። ልጆቹ እያጉረመረሙም ቢሆን ሰምተው ይጨርሳሉ። በመጨረሻ መዳፏን ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ታሳርፍና፣ «ደክሞታል፤ ይረፍ» ብላ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። ሁለቱን ጫፎች ከስሩ አገናኝታ ትቋጥራለች፤ ልጅ እንደምታለብስ።

አብይ ቼንግዱ በገባ በመጀመሪያው ክረምት ፊልሙን ኮምፒውተር ላይ አገኘው። ብቻውን ተቀምጦ አየው። ሽማግሌው ሞቷል፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

«አገኘኸው?» አለችው በስልክ።

«አገኘሁት።»

«እና? እንደኔ ነው የሚሉት?»

«ስመጣ እነግርሻለሁ እማዬ።»

«ስልክ እንዳይበላብህ ነው? ቆጣቢ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስልክ ስትዘጋ ሁሌ፣ «የነጭ ቅንድቡን ነገር ደግሞ አደራ፣ እንዳትረሳ» ትለዋለች። እሱ ግን አልወሰነም ነበር። እውነቱን ቢነግራት ታሪኳን የሚቀማት መሰለው፤ ቢዋሻት ደግሞ ለምን ተማርኩ አለ። ሲያመነታ ቆይቶ ሳይነግራት ቀረ።

«እሱ ምን ይፈርዳል፣ ራሳችን እንየው» አሉ ጋሽ አብዱልዋሂድ። «ካሴቱም ዴኩም እኔ ሱቅ ናቸው። ለአንተ ልሰጥህ ብዬ ካሴቱን የሚያነበውን የዴኩን ሄድ ትናንት በሽቶ ጠርጌዋለሁ። እሷ በአረቄ ነበር የምትጠርገው፤ እኔ አረቄ አልነካም።»

እትዬ ወለተ ኢየሱስ ተነሱ። «በእህቴ ሰልስት? ቴሌቪዥኑን ፊቱን አዙሬ የሸፈንኩት እኮ ለክብሯ ነው! ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን ይከፈታል?»

ሁሉም ወደ ንስሐ አባቷ ዞረ። አባ ይታያል መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ነውር የሚሆነው ጩኸቱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ድምፁ ይጥፋ። ዝም ብሎ የሚደባደብ ሰው ማንን ይረብሻል?»

«አባ! እርስዎ ደግሞ!»

«የቆሎ ተማሪ ሳለሁ መስኮቱ ስር ቆሜ አዳምጥ ነበር፣ ወለተ ኢየሱስ። አንድ ቀን ወጥታ ያዘችኝ። ‹ግባ፣ ብርድ ነው፤ ለየኔታ አልናገርም› አለችኝ። ይኸው እስክትሞት አልተናገረችም። ዛሬ ራሴ ተናገርኩት።»

ከዚህ በኋላ የሚከራከር ጠፋ።

ቤት ውስጥ አብይና ጋሽ አብዱልዋሂድ ገመዱን ሲያገናኙ፣ አብይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ያኔ ዓረብኛውን ሲያነቡልን፣ እውነት እንደዚያ ነበር የሚለው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ? ቁርአን ቤት ያስጨበጡኝ ማንበቡን ነው። አነባለሁ፤ የምለውን አላውቅም።»

«እማዬስ?»

«እሷማ ፊደሉንም አታውቅ!»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እኔ ሳነብ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። እንዲህ እያወቀች ከምትነቀንቅ ሴት ፊት አላውቅም ይባላል? ቤቱ ሁሉ አመነን፤ ቆይቶ እኛም አመንን።» ሳቁ፤ ወዲያው ዓይናቸውን በፎጣቸው ጫፍ ጠረጉ።

እትዬ ወለተ ኢየሱስ ነጠላውን ከቴሌቪዥኑ ላይ አንስተው ክንዳቸው ላይ አኖሩት። የእናቱ ነጠላ ነው። አብይን ወደ ጓዳው በር ሳብ አደረጉት።

«ከገጠር፣ ከሮብ ገበያ የመጣውን አጎትህን፣ ባዘዘውን፣ አየኸው? የአባትህን ወንድም?»

«አየኋቸው።»

«አባትህ በድንበር ጠብ እንደሞተ ታውቃለህ። ባዘዘው ሊወስድህ መጥቶ እንደነበርስ?»

አብይ አያውቅም።

«ጠመንጃውን ይዞ መጣ። ልጁ እኛ ዘንድ ይደግ፤ ደም አለበት አለ። እሷ እሺም እንቢም አላለች። ‹ከመንገድ መጥተሃል፣ አረፍ በል› ብላ ያንን ቻይና ከፈተችለት። ቴሌቪዥን አይቶ አያውቅ፤ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አፉን ከፍቶ አየ። ሽማግሌው ሲወድቅ ‹እሰይ!› ብሎ ዘሎ ተነሳ። በአርጩሜዋ ጉልበቱን መታ አድርጋ ‹ተቀመጥ፤ ገና ነው› አለችው።»

«ግን እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።»

«ማለቁንማ ሁላችን አየን። ከዚያ ቀን በፊት እሷም ሞተ ነበር የምትለው። የዚያን ዕለት ነው ማስነሳት የጀመረችው። ሽማግሌውን አስነሳች፣ ድንጋይ አሸከመች፣ አስታረቀች። ባዘዘው ጀንበር እስክትጠልቅ ሰምቶ፣ አንተን ሳይወስድ ሄደ። ዓመት ሳይሞላም ሽማግሌ ልኮ ከደመኞቹ ጋር ታረቀ።»

አብይ ክንዳቸው ላይ ያለውን ነጠላ አየ። «መሞቱን ካወቀች፣ እኔን ለምን ትጠይቀኛለች?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ምናልባት እውነተኛውን ፍጻሜ ሳታውቅ አግኝታው እንደሆነስ ብላ ይሆናል።»

ቤቱ ሞላ። ፍራሹም መደቡም አልበቃ ብሎ ደጃፉ ላይ የቆመ አለ። ማያው ተርገበገበ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ያው ግቢና ያው የድንጋይ ደረጃ ብቅ አሉ። ድምፅ የለም። ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይከድናሉ። ሁሉም ወደ አብይ ዞረ፤ በርጩማውን ውበቱ በተጣመመ ክንዱ ገፋለት።

አብይ ተቀምጦ በተማረው መንገድ ጀመረ፤ ቼንግዱ ያየውን እያስታወሰ፣ እያንዳንዱን እንደሚለው። ደረቅ ነበር። ፂም የተለጠፈለት ሰውዬ ሲመጣ፣ «ይሄ ቅድም የሞተው ተዋናይ ነው። ሰው ስላነሳቸው መልሰው አመጡት» አለ።

ውበቱ እንደ ልጅ አየው። «ወንድሙ አይደለም እንዴ?»

አብይ ውበቱን አየ፤ ከውበቱ ኋላ አባ ይታያልን፣ ጋሽ አብዱልዋሂድን አየ። ሁሉም ይጠብቃሉ።

«ወንድሙ ነው» አለ። «ደም ሊመልስ መጣ።»

«እህ! እንዲያ ነው እንጂ!»

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ነፍስ ዘራ። ቡጢ ሲያርፍ አንዱ በአፉ «ጧ!» አለ፤ ሌላው «ዷ!» ተቀበለው። እትዬ ወለተ ኢየሱስ «ኧረ ድምፅ ተከልክሏል!» ብለው ተቆጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ፣ «ኋላህን! ኋላህን እይ፣ አንተ ልጅ!» ብለው የጮሁት ግን ራሳቸው ነበሩ። ሲመሽባቸው አብይ መሸባቸው አለ። የተናጋሪው ከንፈር ሲከደን አስቦ ነው የሚናገረው አለ። ድምፅ እንደሌለ ትዝ ያለው ዘግይቶ ነው፤ የሳቀበት ግን አልነበረም።

ውሃ ተሸካሚው ተንሳፈፈ። ደረቱን ረገጠው። ነጭ ቅንድቡ ደረጃው ላይ ወደቀ። ምስሉ ድርቅ አለ።

ባዘዘው መደቡ ላይ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። «ከዚያስ?» አሉ።

አብይ አፉን ከፈተ። የሚያውቀው መልስ አንዲት ቃል ነበረች።

«አልሞተም» አለ። «ራሱን ስቶ ነው። ልጁ ያንን ባልዲውን አመጣና ፊቱ ላይ ደፋበት። ሽማግሌዎች መጡ። ነጭ ቅንድቡ ድንጋይ ተሸክሞ ወጣ…»

«ልጁስ?» አሉ ባዘዘው።

«ልጁ አደገ። ሩቅ አገር ሄዶ ተማረ። ስመጣ እነግርሻለሁ ያላት እናት ነበረችው። መጣ…»

ድምፁ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ዴኩ ቀጭ ብሎ ካሴቱን በራሱ ወደ ኋላ ማጠንጠን ጀመረ። አሁን ማንም አልተንሾካሾከም።

አብይ ተነስቶ መዳፉን ቴሌቪዥኑ አናት ላይ አሳረፈ። ይሞቃል። እንዳሳረፈ ቆየ። ከዚያ ዞሮ ሳያይ እጁን ወደ አክስቱ ዘረጋ፤ እትዬ ወለተ ኢየሱስ ነጠላውን ሰጡት። አለበሰው፤ ጥለቱን በፊት በኩል አስተካክሎ፣ በመዳፉ እየዳበሰ፣ ሁለቱን ጫፎች ከስሩ አገናኝቶ ቋጠረ። ቋጠሮው አልያዘለትም፤ ጣቶቹ ረጥበው ነበር። ፈታና እንደገና ቋጠረው።