የጋሼ ሀብተሥላሴ መጥረቢያ

«ማን እጅ ነበር የቆየው?»

ውጤቱን አንብቤ ሳልጨርስ ነው ጥያቄው የመጣው። የጠየቁት የኤግዚቢሽን ኮሚቴያችን ጸሐፊ እትዬ ማንአልሞሽ ናቸው። ምርመራው እንዴት ተደረገ አላሉም። ብረቱ ምን ዓይነት ነው አላሉም። በቀጥታ ሰው ፈለጉ። እኛ ነገሩ እንዳሰብነው ሳይሆን ሲቀር ሌባ እንፈልጋለን እንጂ ስሕተት ይኖራል ብለን አናስብም።

እንደ ፈረንጆቹ 2014 ነበር። እዚህ ሲያትል ያለው ማኅበራችን የአገር ቤት ቅርሶችን ለሕዝብ ሊያሳይ ተነሣ። ከሁሉም በላይ የተጠበቀው የሊቀመንበራችን የጋሼ ሀብተሥላሴ መጥረቢያ ነው። ከአያታቸው የወረሱት ሲሆን፣ ወሎ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ከአለት የተፈለፈለበት ነው ይባላል። እኔ በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ ብረት የምመረምር ኬሚስት ስለሆንሁ፣ ብረቱ ከየትኛው ምድር እንደወጣ እንድነግራቸው ጠየቁኝ።

ሥራው በአጭሩ ይህ ነው። ድሮ የብረት ድንጋይ ከከሰል ጋር በሸክላ ምድጃ ውስጥ በወናፍ እየተናፋ ይነጠር ነበር። ከድንጋዩ የሚወጣው ቆሻሻ፣ የብረት አር የሚባለው፣ የቱንም ያህል ቢቀጠቀጥ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ደቃቁ እብረቱ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። የድንጋዩ ጠባይ ያለው እዚያ ስለሆነ፣ እሱን መርምረን ከታወቁ የማዕድን ቦታዎች ጋር እናስተያያለን።

መጥረቢያው ላቦራቶሪ በመጣ ቀን ጋሼ ሀብተሥላሴ አብረው መጥተው ነበር።

«ከስለቱ ብቻ ቁረጥ» አሉኝ። «ሌላው ጋ የመስቀል ምልክት አለበት። ስንት ሰው ተሳልሞታል። የተሳለሙትን አይቆርጡም።»

ከስለቱ ጥግ የምስር ፍሬ የምታህል ቆርጬ ግማሿን በአሲድ አሟሟሁ። ማንጋኒዝ ተገኘ፤ ክሮሚየም ተገኘ። በሸክላ ምድጃ የነጠረ ብረት እንዲህ አይሆንም። ይህ የፋብሪካ ብረት ነው፤ የመኪና ባሌስትራ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ነው ለኮሚቴው ያነበብሁት።

«ሙሀሲን ነዋ!» አሉ እትዬ ማንአልሞሽ ለራሳቸው መልስ ሲሰጡ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ እሱ ካዝና ውስጥ ነበር። መስቀሉን አስኮርጆ በሌላ መጥረቢያ ቀይሮታል።»

ሙሀሲን ዋይት ሴንተር በሚባለው ሰፈር የእህልና የቅመም ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ነው። የማኅበሩ ቢሮ አስተማማኝ ቁልፍ ስላልነበረው፣ ካዝና ያለህ አንተ ነህ ብለው እነሱ ራሳቸው ለምነው ነው ዕቃውን የሰጡት። ላቦራቶሪ ድረስ በመኪናው ያመጣውም እሱ ነው።

«ድሮስ ለእስላም ስጡት ያለው ማነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

ወደ ጋሼ ሀብተሥላሴ ዞርሁ። «ጋሼ፣ የራስዎን መጥረቢያ አይለዩትም? እስቲ ይዩት፣ ይኸው።»

አዩት። ገለበጡት። «ይመስላል» አሉ። «ምን አውቃለሁ፣ ዓይኔ ደክሟል።»

ከልጅነታቸው ጀምሮ ቤታቸው የኖረ ዕቃ! ያችን ሰዓት ነው እሳቸውንም መጠርጠር የጀመርሁት።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዋይት ሴንተር ደርሷል። ስገባ ሙሀሲን ባዶ ሚዛን እየወለወለ ነበር።

«ዶክተር፣ አንተም ልትፈትሸኝ መጣህ?»

«አዎ።»

ሳቀ። «አንተ እንኳን በግልጽ መጣህ። ሌሎቹ ሽሮ የሚገዙ መስለው ገብተው ካዝናውን አይተው ይወጣሉ። ሽሮውን ግን አይገዙም።»

«ካዝናውን ማን ይከፍታል?»

«እኔና ባለቤቴ ሂባ። እሷንም ጠርጥራት፣ ኦኬ? ደግሞ ሰርቄ ምን ልፈልጥበት? ቤቴ የሚሞቀው በጋዝ ነው።» ሳቁ ጠፋ። «የጾም ምስራቸውን ከእኔ ነበር የሚወስዱት። አሁን እትዬ ማንአልሞሽ እኔ በር ላይ ፓርክ አድርገው ጎረቤት ሱቅ ይገባሉ። ልጄ ትናንት ምን አለችኝ? ‹ዳድ፣ ዲድ ዩ ስቲል ኢት?› እዚህ አገር ሀያ ዓመት ሠርቼ ያተረፍሁት ስሜን ነው ዶክተር። እሱን ወሰዱት።»

አላመንሁትም። የኮሚቴውንም ሰዎች አላመንሁም። የሰው ንጹሕነት በሮሮው ወይም በሃይማኖቱ አይጣራም።

አንዱ ዕቃውን ቀይሮት ከሆነ ግን አሠራሩ ያጋልጠዋል። የተረፈችውን ግማሽ ቅንጣት ሙጫ ውስጥ ቀብሬ አለሰለስኋት፤ በአሲድ ጠረግኋትና በማይክሮስኮፕ አየሁ። በአንድ በኩል ንጹሕ፣ ወጥ የፋብሪካ ብረት አለ። ከዚያ ቀጭን መስመር። ከመስመሩ ማዶ ሌላ ብረት ነው፤ ጥቋቁር የብረት አር እንደ ክር ተጋድሞበታል።

ሁለት ብረት! በእሳት ግሎ፣ በመዶሻ ተጋጥሞ፣ አንድ የሆነ። ስለቱ ያለቀበት መጥረቢያ ቀጥቃጭ ቤት ሄዶ አዲስ አፍ ተቀጥሎለታል። አስመስሎ የሚያሠራ ሌባ እንዲህ ያለውን አሮጌ ብረት ከየት አምጥቶ ነው ከውስጥ የሚደብቀው? መጥረቢያው ያው ራሱ ነው። የተከበረውን ላለመንካት ብለን የቆረጥነው፣ ከሁሉም ቦታ አዲስ የሆነውን ነው።

አሩንም መረመርሁት። ከሱዳን፣ ከአናቶሊያ፣ ከሕንድ ከተሰበሰቡት ናሙናዎች ከአንዱም አልገጠመም። የእኛን ተራሮች ድንጋይ ለማስተያያ የሰበሰበ ስለሌለ፣ የእኛ ነው ማለትም አይደለም ማለትም አይቻልም።

ኮሚቴውን እንደገና ሰብስቤ ያገኘሁትን ሁሉ ነገርኋቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ ጋሼ ሀብተሥላሴ። «ሶ፣ አሮጌ ነው!»

«አክሱም ብለን እንጻፍበታ» አሉ እትዬ ማንአልሞሽ።

«አትጽፉም። ከየት እንደመጣ አይታወቅም ብላችሁ ትጽፋላችሁ።»

ተጨበጨበ። ሙሀሲን የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም።

«ጋሼ፣ ስለቱን ማን ነው ያስቀጠለው?»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «አባቴ» አሉ። «በጃንሆይ ጊዜ፣ ከተገለበጠ ካሚዮን ባሌስትራ። እንጨት ይፈልጥበት ነበር።»

«እንጨት?» እትዬ ማንአልሞሽ አማተቡ። «የተሳለምነውን?»

«ታዲያ ሰውየው ሌባ ሲባል ለምን ዝም አሉ?» አልኋቸው ጋሼን።

«የጠየቀኝ የለም። ደግሞስ ምን ልበል? ሕዝብ የሳመውን አባቴ ማገዶ ፈልጦበታል ልበል?»

«ስለዚህ እርስዎ እንዳያፍሩ እሱ ሌባ ይባል?»

«ኮል አደርግለታለሁ፣ በቃ።»

«ስሙን ያጠፋችሁት በስልክ አይደለም። ሄደው እስኪነግሩት ድረስ መጥረቢያው እኔ ጋ ይቆያል።»

መብቱ አልነበረኝም። ግድም አልሰጠኝም።

ቅዳሜ ወሰድኋቸው። ሱቁ ውስጥ ከመስጊድ የመጡ ሴቶች ነበሩ። ጋሼ ሀብተሥላሴ በቀጥታ ወደ ባንኮኒው አለፉ።

«ጋሼ፣ ተራ አለ» አለ ሙሀሲን፣ ቀና ሳይል።

ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር አጉተመተሙ።

«አልሰማሁም።»

«መጥረቢያውን አልነካህም» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አንተ ምንም አላደረግህም። እኔ እያወቅሁ ነው ዝም ያልሁት። ይቅር በለኝ።»

ሙሀሲን ሴቶቹን በእጁ አሳያቸው። «እነዚህ መቼም ሌባ ብለውኝ አያውቁም። ይችኑ ቃል እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለእርስዎ ሰዎች ይንገሩልኝ። ያን ጊዜ ይቅርታውን እናያለን።» ከዚያ ከኋላቸው ወደ ቆመችው ሴት ዞረ። «ስንት ፓውንድ ነው ያልሽኝ እህቴ?»

መኪና ውስጥ ገብተን ስንሄድ ጋሼ ሀብተሥላሴ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«እሁድ አጠገቤ ትቆማለህ፣ ዶክተር?»

«አልቆምም። መጥረቢያውን ይዤ ከመጨረሻው ረድፍ እቆማለሁ። ድምፅዎ እዚያ ድረስ ከተሰማኝ ይወስዱታል።»