ስሙ የማይጻፈው ፎልደር

ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ሊዮኒ ስሙን አልጠራችም። ማንም አልጠራውም። በሚኖሩባት የበረሃ መንደር የሟች ስም ከሬሳው ጋር ይሸኛል፤ ሞክሼው እንኳ ጊዜው እስኪያልፍ በሌላ ስም ይጠራል። ችግሩ የመንደሩን ድረ ገጽ የሠራው እሱ ራሱ መሆኑ ነው። ድረ ገጹ የተቀመጠበትን ፎልደር በገዛ ስሙ ሰይሞት ነበር።

ከጎኑ የመንደሩ ሴቶች ፎልደር አለ። ወንድ ሊሰማቸው የማይገባ ዘፈኖች ያሉት እዚያ ነው፤ ሊዮኒ ወንድሟ እንኳ እንዳይከፍተው አድርጋ ዘግታዋለች። ዘፈኖቹን የሚያውቅ ሰው ከአክስቷ ከኖሪን በቀር አልቀረም። አሮጊቷ ሊቀረጹ እሺ ያሉትም የሊዮኒን ቃል አምነው ነው።

«ይሄ ሳጥንሽ ከባሌ ይሻላል፤ ዝም በል ሲሉት ዝም ይላል» ይሏት ነበር ወደ ኮምፒውተሯ እየጠቆሙ፣ እየሳቁ። «ገና ግማሹን ነው የሰጠሁሽ። ብርዱ ሲመጣ እንቀጥላለን።»

ከተማ ያለው የኮምፒውተር ባለሙያ ሟቹ ይገባበት የነበረውን አካውንት ሲዘጋ ድረ ገጹም አብሮ ተዘጋ። የቀብሩ ቀን የተለጠፈው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ዘመድ ከየመንደሩ እየደወለ «መግባት አይፈቀድም ይለናል» ይላታል። ፈቃዱን ለመመለስ እስከ ፎልደሩ ያለውን መንገድ ማሽኑ ላይ መጻፍ ነበረባት፤ መንገዱ ግን በስሙ በኩል ያልፋል። ባለሙያው በስልክ «አንድ ቃል እኮ ነው፤ ጻፊውና ተገላገይ» አላት። እሱ ምን ያውቃል። የመጀመሪያዋን ፊደል ጽፋ መልሳ አጠፋቻት።

በስሙ ቦታ የኮከብ ምልክት አደረገች። ኮከብ ለማሽኑ «እዚህ ያለው ሁሉ» ማለት ነው። ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ሐዘን ያለበት ሰው ግን የሚያውቀውንም ይረሳል። ድረ ገጹ ተከፈተ። ደስ አላት፣ ምስኪን።

ድረ ገጹ የተፈቀደለትን ሁሉ፣ አሁን የሴቶቹንም ፎልደር፣ ፊት ለፊት እንዲደረድር ተደርጎ የተሠራ ነው። የአጎቷ ልጅ ዴዝመንድ ሱቁ ደጅ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ የቀብሩን ቀን ሲፈልግ የመጣለትን ነካ። ከስልኩ የኖሪን ድምፅ ወጣ።

ዴዝመንድ ሊዮኒ ከምትሠራበት ቢሮ ደጃፍ ድረስ መጥቶ አልገባም።

«እህቴ፣ ያን ነገር ዝጊው። ሰምተናል።»

«እነማን?»

«ዘመድ ሁሉ ነዋ፤ ዳርዊን ከተማ ያሉት ሳይቀሩ። እኔ እንጃ፣ አሞኛል። የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት እኔን ነው።»

ዘጋችው። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ የተሰማ ዘፈን ከሰው ጆሮ ተመልሶ አይወጣም።

ከሰዓት በኋላ ኖሪን መጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«አጥፊው» አሏት።

«ዘግቼዋለሁ፣ አክስቴ። አሁን ማንም አይከፍተውም።»

«ዝጊው መች አልኩሽ?»

«ካጠፋሁት እኮ ሌላ የለም።»

«የለም። ለኔ ነው የምትነግሪኝ?»

«ስሙን መጻፍ አቅቶኝ ነው፣ አክስቴ።»

«ደግ አደረግሽ። እኔም ብሆን አልጽፈውም ነበር» አሉ። «እሱን አከበርሽ፣ እኔን ገደልሽኝ። በይ አጥፊው፤ ቆሜ ልየው።»

አጠፋችው። ኖሪን ማሽኑን ሳይሆን የሷን ፊት ነበር የሚያዩት።

«ብርዱ ሲመጣ ባዶ እጄን ልምጣ?» አለች ሊዮኒ። «መቅረጫ አልይዝም። በቃል ብቻ ያስተምሩኝ።»

«ሴቶቹ ዛሬ ተሰብስበን ነበር። ከእንግዲህ ለማንም እንዳልዘፍን ተወሰነ። እኔም ተስማምቻለሁ።»

ከዚያ ወጥተው ሄዱ። ሊዮኒ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ከዘፈኖቹ አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ ለማስታወስ ሞከረች። አልመጣላትም። አክስቷ ሲዘፍኑ እሷ ሁልጊዜ የመቅረጫውን መብራት ነበር የምትጠብቀው፤ ማሽኑ ይይዘዋል ብላ አንድም ቀን ከልቧ አላዳመጠችም።