የታውኖ እግሮች

ራይሊ በፊንላንዷ ኩህሞ ከተማ አካባቢ አዛውንቶችን ቤት ለቤት እየዞረች የምትረዳ ነርስ ናት። በረዶው ሲገባ የውጭው ብርድና የቤት ውስጡ ማሞቂያ ተባብረው የሽማግሌዎቹን ቆዳ እንደ ዋልካ መሬት ይሰነጣጥቁታል። «ቅባት ተቀቡ» እያለች ስትለምን ትውላለች።

ከሁሉም ያስቸገራት ታውኖ ነበር። ጡረታ የወጣ ጀልባ ሠሪ ነው፤ ሚስቱ ኤልማ ከሞተች ወዲህ ሐይቁ ዳር ብቻውን ይኖራል። እግሩ እየተሰነጠቀ ይደማል፤ ማሳከኩም እንቅልፍ ነስቶታል።

«ቅባቱን ይቀባሉ?» አለችው አንድ ቀን።

«በየማታው!»

የቅባቱን ጣሳ ከመደርደሪያው አንስታ ከፈተችው። ከክዳኑ ሥር ያለው ስስ ሽፋን እንደታሸገ ነው።

«ታዲያ በየት በኩል ነው የሚያወጡት?»

ታውኖ ሳቁ መጣበትና ዋጠው። «ቅባት ለሚጠበስ ዓሣ ነው፤ እኔን ተይኝ።»

«በሉ ካልሲዎን ያውልቁና ልይልዎት።»

አልተንቀሳቀሰም። ራይሊ በርከክ ብላ ልታወልቅለት ስትል እጇ ቆመ። ካልሲው ባለፈው ሳምንት እሷው ራሷ ያጠለቀችለት ነው። ያዘጋጀችው ቁጣ ሁሉ ጠፋባት።

«ጎንበስ ማለት አቅቶዎታል?»

ታውኖ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ወገቤ እምቢ ካለኝ ቆየ። የምትቀባኝ ኤልማ ነበረች። ብነግርሽ ከቤቴ አውጥተሽ አረጋውያን መጦሪያ የምትሰጂኝ መሰለኝ።»

«እርስዎን? በሳምንቱ መልሰው ያመጡዎታል!»

እግሩን ለብ ባለ ውሃ አጠበችው፤ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቀባችው። ግን እሷ የምትመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ ቅባቱ ደግሞ ጠዋትና ማታ ይፈልጋል።

ጎረቤቱ ሂልካም ታካሚዋ ናት። የሂልካ ጣቶች በቁርጥማት ስለተቆለመሙ ጣሳውን መክፈት አትችልም፤ የእጇም ቆዳ ተሰንጥቋል። ራይሊ ጠዋትና ማታ እርስ በርስ እንዲቀባቡ ሁለቱንም ለየብቻ ፈቃዳቸውን ጠየቀች።

«የዚያን ጉረኛ እግር? እኔ?» አለች ሂልካ። በማግስቱ ግን ሻርፗን ጠምጥማ መጣች።

ታውኖ ጣሳውን ከፈተ። ሂልካ እግሩን አየችና «ይሄ እግር ነው የዛፍ ቅርፊት?» አለች።

«ቀስ በይ እንጂ! ምንጣፍ የምታጥቢ መሰለሽ እንዴ?»

«ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ አንተ ሽማግሌ!»

ተራው የእሱ ሲሆን ግን ቀልዱ ቆመ። የሂልካን እጅ ተቀብሎ፣ የጀልባ ሳንቃ እንደሚያለሰልስ ሰው፣ ጣት በጣት በቀስታ ቀባላት። ሂልካ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም። ሰው እጄን ከያዘኝ ቆይቶ ነው።»

ታውኖ እጇን ቶሎ አልለቀቀም።

ሐይቁ ገና በረዶ ሳለ ራይሊ አንድ ጠዋት ብታንኳኳ የሚሰማት አጣች። ገብታ ስታይ የታውኖ እግር ሂልካ ጭን ላይ ነው፤ በሬዲዮ ስለሚተላለፈው የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ይጨቃጨቃሉ። እግሩን መረመረች። ስንጥቁ ገጥሟል፣ መድማቱም ቀርቷል።

«ጎበዞች! ከእንግዲህ በቀን አንዴ ይበቃል» አለች ደስ ብሏት።

ሂልካ የጣሳውን ክዳን ማገላበጥ ጀመረች።

«በረዶው እኮ ገና አልቀለጠም» አለች በመጨረሻ።

«እኔም እሱን ልል ነበር» አለ ታውኖ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

ራይሊ ሳቋን አፍና ቦርሳዋን አነሳች። «እንግዲያው እንደ ድሮው ጠዋትም ማታም ይሁን» አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።