የላሜራው ዳንቴል

“ያዢው እንጂ ወርቄ! ለቀቅሽው እኮ!”

“ይዣለሁ! አንተ ቶሎ እሰር!”

የቱሉ ዲምቱ የመጋቢት ንፋስ እንደሆነ ሽማግሌ አሮጊት አይልም። ወርቅነሽ የላሜራውን ጫፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ ሻሿ ዓይኗ ላይ እየተጠመጠመ፣ ባሏ ቀናው ሽቦውን አጠማዝዞ እስኪጨርስ ትጠብቃለች። ከኮንዶሚኒየማቸው ጀርባ ያለችው ጓሮ ከሁለት አልጋ ብዙም አትሰፋም። ቲማቲም፣ ቃሪያና ጥቂት ቆስጣ አለባት። ቀናው ባለፈው ሳምንት ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ላሜራ አቁሞላት ነበር። ንፋሱ ግን ጭራሽ ባሰበትና ከላሜራው ኋላ ያለውን ቲማቲም ያንገላታው ጀመር። ስለዚህ ዛሬ ላሜራው ላይ ሌላ ላሜራ እየቀጠለ ነው።

ምን ይደረግ! ዕድሜውን ሙሉ አቃቂ ብረት ሲበይድ ለኖረ ሰው የችግር ሁሉ መድኃኒት ብረት ነው። በሩ አልዘጋ ሲል ብረት፣ የሶፋው እግር ሲሰበር ብረት። ጎረቤት ቢያስቸግረውም ብረት ማሰቡ አይቀርም።

ጎረቤታቸው ፋጡ ከላይኛው ፎቅ በረንዳ አንገቷን አወጣች።

“ኧረ ጋሽ ቀናው፣ እስር ቤት ሠሩ እኮ! ቃሪያው ምን አጠፋ?”

“አንቺ ብቻ ሲደርስ እንዳትመጪ!”

“ወላሂ ከሁሉ ቀድሜ ነው የምመጣው!”

ወርቅነሽ ከት ብላ ሳቀች። ቀናው ግን ፈገግም አላለ። እሷን የሚያስፈራት ይኸው ነው። ጡረታ የወጣ ሰሞንም እንዲህ ነበር፤ አልጋው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይውላል፤ ምሳ ብላ ሲሉት “ምን ሠርቼ?” ይላል። ከዚያ አልጋ ያስነሳችው ይህች ጓሮ ናት። ጓሮዋ ካለቀላት ሰውየው ተመልሶ እንደሚተኛ ወርቅነሽ አሳምራ ታውቃለች። ለዚህ ነው መዳፏ እየተላጠ ላሜራ የምትይዘው።

በማግስቱ ጠዋት ቀናው ከጓሮ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

“በቃ ተይው ወርቄ።”

“ምን ሆነ ደግሞ?”

“ቲማቲሙን እንዳለ አጋድሞታል። ለዚህ ንፋስ ግንብ ነው የሚያስፈልገው። ግንብ ደግሞ ከየት ይመጣል?” አለና ጋቢውን አንስቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ወርቅነሽ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። እውነቱን ነው፤ ቲማቲሙ ሥሩ ባይነቀልም ሁሉም መሬት ላይ ተኝቷል። ላሜራው ካለቀበት ወዲያ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ያለው ቃሪያ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ገመዱ ላይ ለፋሲካ ብላ ትናንት አጥባ ያሰጣችው የአልጋ ዳንቴል ተንጣሏል። በእጮኝነታቸው ጊዜ በኪሮሽ አበባ አበባ አድርጋ የሠራችው ነው። ንፋሱ ዳንቴሉን እንደ ሆድ ይነፋዋል፤ ከኋላው ያለው ቃሪያ ግን እሺ እሺ እያለ ራሱን ከመነቅነቅ አያልፍም።

“ቀናው! ና እስቲ!”

“ምን ልፈጥር?”

“ና አልኩህ!”

ጋቢውን እንደለበሰ መጣ። እሱ ሲደርስ ንፋሱ አንድ ፌስታል እያንከባለለ አምጥቶ ከላሜራው ጋር አጋጨው። ፌስታሉ ላሜራውን ታክኮ ሽቅብ ወጣ፤ አናቱን ዘለለ፤ ከዚያ ቲማቲሙ መሀል ተወርውሮ ገባና ይሽከረከር ጀመር። ቀናው አየው። ከዳንቴሉ ኋላ ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ዘረጋ።

“ዳንቴሉ ንፋሱን በቀዳዳው ያሳልፈዋል” አለ፤ “ግን ጉልበቱን ይቀንስበታል። የኔው ላሜራ ነው ለካ ጉዱ! ጭራሽ መንገድ ስዘጋበት ዘሎ ከላይ ይወርድብኛል።”

“እንግዲያው ዳንቴሉ እዚሁ ይዋል።”

“የእጮኝነትሽ ዳንቴል? ንፋስና ፀሐይ ሊቦጫጭቀው? አብደሻል እንዴ?”

“አንተ ከምትተኛብኝ እሱ ይቀደድ!” አለች።

ቀናው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ተነስቶ ዳንቴሉን ከገመዱ አወረደ፤ በሻካራ ጣቶቹ ክሩ እንዳይያዝበት እየተጠነቀቀ አጠፈና ክንዷ ላይ አኖረላት። ጋቢውንም አውልቆ ከላዩ ደረበው።

“ፋጡ!” ብሎ ወደ በረንዳው ጮኸ። “ባለቤትሽ ትራፓኖ አለው አይደል?”

“አለው ጋሼ! ምን ሊበሱበት ነው?”

“ላሜራውን!”

“እሰይ! እስረኛው ሊፈታ ነው!”

አሁን ቀናውም ሳቀ። ኪሱን ዳብሶ ጠመኔ አወጣ። ፋብሪካ እያለ ብረቱ ላይ ከሱ በቀር ሌላ ሰው መስመር ካሰመረበት ቀኑን ሙሉ ያኮርፍ ነበር። ጠመኔውን ለሚስቱ ዘረጋላት።

“እንኪ። አንቺ የዳንቴልሽን አበባ ሣይበት፤ እኔ እበሳዋለሁ።”

ወርቅነሽ ዳንቴሉንና ጋቢውን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ጠመኔውን ተቀበለችው። ላሜራውን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችና የመጀመሪያውን አበባ ከወደቀው ቲማቲም ፊት ለፊት ጀመረች።