ከጎኑ በስተቀር

ጎሚስታው የእህቱን ባል ከንፈር በመጀመሪያው ቡጢ ቀደደው። ሁለተኛው አፍንጫውን አገኘ። ሦስተኛውን ሊያሳርፍ ሲል ሰውዬው ፊቱን ሸፍኖ ጎኑን ስለሰጠው፣ ቡጢው አየር ላይ ቀረ። እዚያ መምታት አይቻልም። እዚያ ውስጥ ካሉት ሁለት ኩላሊቶች አንዱ የጎሚስታው ነው።

«ዙር!» ሲል ጮኸ። «በፊትህ ዙር አልኩህ!»

ተደብዳቢው ታዞ ዞረ። መቼም በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ የተደበደበ ሰው አይገኝም። ጎሚስታው የጎማ ማውለቂያውን ብረት እንኳ ደጅ ጥሎት ነው የገባው፤ ብረት ልክ አያውቅም። ግራ ክንዱንም፣ የደም ማጠቢያው መርፌ የሚሰካበት ነውና፣ እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎ የሚማታው በቀኙ ብቻ ነው።

ቤቱ ገና በመቀባት ላይ ያለ ባዶ ቤት ነው። ቀለም ቀቢው አማቹ ወደ ኋላ ሲል መሰላሉን ገጨ፤ መሰላሉ ወደቀ፤ ትናንት በተቀባው ነጭ ግድግዳ ላይ ደም ተረጨ።

«ኧረ ግድግዳዬን!» አለ በለመደ አፉ። ለግድግዳውም አንድ ጥፊ ተጨመረለት።

ያን ላብራቶሪ ውስጥ የተቀመመ ኬሚካል የተረጨበትን ቅጠል ከሁለት ዓመት በፊት ያመጣው ራሱ አማቹ ነበር። «ቅጠል እኮ ነው፤ ሰላጣስ ቅጠል አይደል?» ብሎ አሳቀው፤ አብረው አጨሱ። ሰላጣው የጎሚስታውን ሁለት ኩላሊቶች ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽን ጋር ይታሰራል። አማቹ አልቅሶ፣ ሚስቱ ፊት ምሎ፣ «አንዱን ውሰድ» አለው። ደማቸው ገጠመ። ዛሬ የመጨረሻው ምርመራ ነበር። ጎሚስታው ከማለዳ እስከ ቀትር የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጠበቀው፤ አልመጣም።

«ቢላ ፈርተህ ነው?»

«ቢላ አይደለም።»

«እና ምንድን ነው?»

«ሽንት ስጥ ይሉኛላ።»

ቀለም ቀቢው ይህን ብሎ ተንበረከከና አረንጓዴ ውሃ አስመለሰ። ቀና ሲል ጎሚስታው ገና አሁን ፊቱን በደንብ አየው። የዓይኖቹ ቆብ አብጦ ሊጥ መስሏል፤ ቡጢ በዚህ ፍጥነት አያሳብጥም። ይህን ፊት ያውቀዋል። ያኔ ኩላሊቶቹ ሲከዱት መስታወት ውስጥ ያየው የራሱ ፊት ነው።

«እያጨስክ ነው?»

«ትቼ ነበር እኮ… ቀጠሮው ሲደርስ፣ ፍርሃቱ እንዲለቀኝ ብዬ…»

«መቼ ነው የሸናኸው?»

«ከትናንት ወዲያ። ትንሽ።»

የጎሚስታው እግር ተወነጨፈ፤ ሲሳሳለት የነበረውን ጎን አገኘው። ሁለቱም ጮኹ። አብልጦ የጮኸው መቺው ነበር። ወዲያው አጠገቡ ወድቆ የመታውን ቦታ በመዳፉ ያሸው ጀመር፤ እያሸም ይሰድበዋል፣ እየሰደበም ያሸዋል።

ከዚያ ገና ቀለም ያልነካው ነጭ ባልዲ ጎትቶ አመጣ። አማቹን በብብቱ ይዞ አቆመው፤ ቀበቶውን ፈታለት።

«ሽና።»

«አይመጣም ወንድሜ።»

«ሽና አልኩህ! አንድ ጠብታ ትሁን። ከዚያ ተሸክሜ ሐኪም ቤት አደርስሃለሁ።»

ቀለም ቀቢው ዓይኑን ጨፍኖ አማጠ። ጎሚስታው ከኋላው እንዳቀፈው ትንፋሹን ውጦ ጆሮውን ወደ ባልዲው ጣለ። ደጅ መኪና እያጓራ አለፈ።

«ዝም በል!» አለ፣ መኪናውን።