የተፈታችው ታንኳ

ማረው እንደሚለው ታንኳዋን የወሰዳት የርብ ወንዝ ነው፤ ውሃው ሌሊቱን ሞልቶ ገመዱን በጠሰው። ጎረቤቱ ድንቅነሽ የምትለው ሌላ ነው። ጎህ ሲቀድ ላም ልታልብ ወጥታ፣ ማረው ቋጠሮውን ፈቶ ታንኳዋን በእግሩ ወደ ጥልቁ ሲገፋት አይታለች።

የማረው ታናሽ ወንድም ያየህ ጎንደር ተምሮ የመልቀቂያውን ፈተና አልፏል። ከቁሐር ሚካኤል ልጆች አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ የተፈቀደለት እሱ ብቻ ነው። ምዝገባው በመስከረም አጋማሽ ያበቃል፤ የፎገራ ሜዳ ደግሞ ያን ጊዜ ገና በጎርፍ ተውጦ ባሕር ነው። እናታቸው እማዋይሽ ለመንገዱና ለልብሱ ቦራ የተባለው በሬ እንዲሸጥ ቆረጡ። ያየህ በታንኳ ይሻገራል፣ በሬው ከኋላ ታስሮ ይዋኛል፣ ወረታ ላይ ነጋዴው መሐመድዘይን ይረከበዋል።

ማረው ከሚያርስባቸው ጥንድ በሬዎች አንዱ ብቻ ሊቀርለት ነው።

«እንግዲህ ከአንድ በሬዬ ጋር የሚጠመድ መቀናጆ በየደጁ ልለምን» አለ በመሄጃው ዋዜማ።

ያየህ ሳቀ። «ጋሼ፣ ተምሬ ስመጣ ትራክተር እገዛልሃለሁ። እስከዚያ ጎረቤታችንን አበረን ለምነው፤ የእሱም በሬ እንዳንተው ብቸኛ ነው።»

በማግስቱ ታንኳዋ የለችም።

ውሃው እስኪጎድል ቀናት አለፉ። ያየህ ደረቱ ድረስ እየጠለቀ ወረታ ወጣ፤ መሐመድዘይን አዝኖለት በጭነት መኪናው አሳፈረው። አዲስ አበባ ሲደርስ ምዝገባው ተዘግቶ ነበር። «ቦታህ ለተጠባባቂ ተሰጥቷል» አለው ጸሐፊው። «ከርሞስ?» ቢለው፣ «ከርሞ የከርሞ ተፈታኞች አሉ» ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ያየህ ያንኑ ጭቃ የነካው ሸሚዝ እንደለበሰ ተመለሰ።

ሽማግሎች ቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ቄስ ወልደ ሥላሴ ድንቅነሽን ሰሙ፣ ማረውንም ሰሙ።

«እንግዲያስ በሚካኤል ማልና ነገሩ ይለቅህ» አሉት ማረውን።

ማረው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር አየና ራሱን ደፋ።

«አልምልም አባቴ። ቦራን ላተርፍ ብዬ ነው።»

«አተረፍኸው?»

«አዎ። አሁን ግን ይውሰደው። ሽጦ ይካስበት።»

«በሬ ምን ያደርግልኛል?» አለ ያየህ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «መሄጃዬ ተዘግቷል። ብሄድ ኖሮ የአባቴን ርስት አልጠይቅህም ነበር፤ አሁን ግን እዚሁ ነኝ። እንካፈል።»

ማረው ይህን አላሰበውም ነበር። እርሻቸው ሁለት ነው። አንዱ ከቤቱ አጠገብ ያለው ጉብታ፣ ጤፍና ዳጉሳ የሚያበቅለው፤ ሌላው ውሃ እስከ ጥቅምት የሚተኛበት፣ ጓያ ብቻ የሚዘራበት ረግረግ። በአገሩ ልማድ ወንድማማች ሲካፈል ታናሽ ቀድሞ ይመርጣል።

«አንተ እኮ ሞፈር ጨብጠህ አታውቅም» አለ ማረው። «የጉብታውን ድንጋይ ለቅሜ ያቀናሁት እኔ ነኝ። ለማን ልታሳርሰው ነው?»

«ለአበረ፣ በእኩል፤ ምርቱን ለሁለት እንካፈላለን። ከፈለግህ በሬህን ከእሱ በሬ ጋር አቀናጅተህ አብረኸው እረስልኝ።»

ከሽማግሎቹ አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

እናታቸው ተነሥተው የያየህን ጉልበት ያዙ። «ልጄ፣ የወንድምህ ልጆች ምን ይብሉ?»

«ቦራ አለላቸው።»

ቄስ ወልደ ሥላሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «ልጄ ያየህ፣ ቀድመህ መምረጥ ያንተ ነው። አስበህ ተናገር» አሉት።

«አስቤአለሁ አባቴ» አለ ያየህ። «ጉብታውን መርጫለሁ።»